የዌልስ ገጠር ቤተክርስቲያን ለማየት ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች እንዳትሠሩ

ዩኬ ያላችሁ ሐበሾች ቅዳሜ እሁድ ወደ ዌልስ ተራሮች ስትወጡ በየመንገዱ ዳር እነዛን ትናንሽ የድንጋይ ቤተክርስቲያኖች አይታችኋል አይደል። አብዛኞቻችን በሩን ገፋ አርገን እንገባለን፣ ሁለት ደቂቃ እንቆማለን፣ "ምንም የለበትም እኮ" ብለን ፎቶ አንስተን እንወጣለን። እኔም እንደዛ ነበርኩ ፓትሪሾ የምትባል የዌልስ ተራራ ላይ ያለች ትንሽ ቤተክርስቲያን እስክሄድ ድረስ፣ ስለዚህ ራሴ ከሠራኋቸው ስህተቶች ልጀምር።

አንደኛውና ትልቁ፣ ባዶውን ሲያዩ "ሲሠራም እንዲሁ ባዶ ነበር" ብሎ ማሰብ ነው። አልነበረም! በመካከለኛው ዘመን ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነበር፣ ልክ እንደኛዎቹ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የፕሮቴስታንቶቹ ተሐድሶ ሲመጣ ሥዕሉን በኖራ ቀቡት፣ በላዩ ላይ አሥርቱ ትእዛዛትንና የንጉሡን አርማ ጻፉበት፣ ከዛ ደግሞ በየዘመኑ ኖራ በኖራ ላይ እየተደረበ ሄደ። ላንካርቫን የሚባል መንደር የቅዱስ ካዶክ ቤተክርስቲያን ውስጥ ከኖራው ስር ሥዕል እንዳለ የታወቀው በ2008 ነው፣ ቀስ እያሉ ሲፋቅ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ! እኔ ወዲያው ዓይኔ ብሩታዊትን ዛፍ ላይ ፈለገ፣ እዛ ግን ዛፍ የለም፣ ንጉሡና ንግሥቲቱ ከግንባቸው ላይ ሆነው ቁልቁል ያያሉ። አጠገቡ ሰባቱ ዋና ኃጢአቶችም ተሥለዋል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ መስመር ካያችሁ እርጥበት ነው ብላችሁ አትለፉት፣ በእጃችሁም አትንኩት።

ያኔ ሙሉ በሙሉ ምን እንደሚመስል ለማየት ካርዲፍ አጠገብ ሴንት ፋጋንስ ሙዚየም ሂዱ። የቅዱስ ቴሎ ቤተክርስቲያንን ከነበረበት ላንዴሎ ታል-ኢ-ቦንት ድንጋይ በድንጋይ አፍርሰው አምጥተው እንደገና ተክለውታል፣ በ2007 ነው የተከፈተው፣ ውስጡን በ1530 አካባቢ እንደነበረው አድርገው ቀለም ቀብተውታል። መጀመሪያ ስታዩት "ይሄማ በጣም በዛ" ትላላችሁ፣ ዓይናችን ግራጫ ድንጋይ ስለለመደ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ዘሎ ወደ መስኮቱ መሄድ ነው። ሰው ባለቀለም መስታወት ይወዳል፣ ችግሩ ገጠር ውስጥ ያለው መስታወት ብዙው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ዌልስ ላይ ዋናው ነገር እንጨቱ ነው፣ በሕዝቡና በመቅደሱ መሀል ያለው የተቀረጸ የእንጨት መለያ፣ ስክሪን የሚሉት። ከላዩ ደግሞ ሰው የሚወጣበት ሰገነት ነበረው፣ ሰገነቱ ላይ ትልቅ ስቅለት ይቆም ነበር። ስቅለቱ በተሐድሶው ጊዜ ወረደ፣ በ1561 ደግሞ ሰገነቶቹ ራሳቸው እንዲፈርሱ ትእዛዝ ወጣ፣ አንዳንድ ሩቅ ተራራ ላይ ያሉት ግን ተረፉ።

ፓትሪሾ ያለው አንዱ ነው፣ በ1500 አካባቢ የተሠራ፣ ቀለም ያልነካው ኦክ። ከሩቅ ሲያዩት የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ነው የሚመስለው፣ ያን ያህል የቀጠነ ነው ቀረጻው። ቀረብ ብላችሁ አግዳሚውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉት፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ዘንዶ አለ፣ አፉ ውስጥ የወይን ሐረግ፣ ሐረጉ ከአፉ ተነስቶ አግዳሚውን ሙሉ ይሄዳል። ክፉው መልካሙን ሲበላ ነው ይላሉ። እኔ የመጀመሪያ ቀን አላየሁትም! ቤት ገብቼ ፎቶ ሳገላብጥ ነው ያየሁት፣ ሌላ ቀን ተመልሼ ሄድኩ።

እዛው ስክሪኑ ስር ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት የድንጋይ መንበሮች (መሠዊያዎች) ደግሞ ሰው እንደ ዕቃ ማስቀመጫ ነው የሚያያቸው፣ ቦርሳ የሚያስቀምጥም አይቻለሁ፣ ኧረ ተዉ። ላያቸው ላይ ትናንሽ መስቀሎች ተቀርጸዋል። በ1550 የድንጋይ መንበር ሁሉ ተነስቶ በእንጨት ጠረጴዛ እንዲተካ ታዞ ነበር፣ እነዚህ እዚህ ቆመው መገኘታቸው ራሱ ተአምር ነው።

ሦስተኛ፣ የማጥመቂያ ገንዳውን አልፎ መሄድ። ተራ ድንጋይ ይመስላል ግን ሕንፃው ሲፈርስና ሲሠራ እሱ ስለሚቆይ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ይበልጣል በእድሜ። የፓትሪሾው ጠርዝ ላይ በላቲን "መንሂር በጌኒሊን ዘመን ሠራኝ" የሚል ጽሑፍ አለ፣ ጌኒሊን በ11ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ የአካባቢው ገዢ ነው ይባላል። ድንጋዩ ራሱ "ሠራኝ" ብሎ ሲናገር ደስ አይልም?

እዛው ምዕራቡ ግድግዳ ላይ አጽም ተሥሏል፣ ማጭድ፣ የአሸዋ ሰዓትና አካፋ ይዞ። በሰው ደም ስለተሣለ ነው ኖራው የማይሸፍነው የሚል ወሬ አለ። ወሬውን ስሙ፣ አትመኑ።

አራተኛ፣ ውጪው ጥርብ ድንጋይ ሆኖ ሲታይ "ኦሪጅናሉ ይሄ ነው" ማለት። ብዙዎቹ በኖራ ነጭ ሆነው ከሩቅ የሚታዩ ነበሩ፣ ልስኑን የፋቁት የ19ኛው ክፍለ ዘመን አዳሾች ናቸው፣ ውስጥ ያለው ቫርኒሽ የተቀባ አግዳሚ ወንበርም ብዙ ጊዜ የነሱ ነው።

በየቦታው ስም መጀመሪያ ላይ ያለው "ላን" ደግሞ በመጀመሪያ ትርጉሙ ቤተክርስቲያን ሳይሆን የታጠረ ቦታ ነው፣ ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ቅጥሩን ዙሩት፣ ክብ ከሆነ ቦታው በጣም የቆየ ሊሆን ይችላል። ቅጥሩ ውስጥ ያሉትን ዪው የሚባሉ ዛፎች እድሜ ግን ሰው ሲነግራችሁ ቀነስ አርጋችሁ ውሰዱት፣ ላንጌርኒው የሚባል መንደር ያለው 4000 ዓመት ነው ይባላል፣ የነዚህ ዛፎች ሆድ ግን ሲያረጁ ባዶ ስለሚሆን ቀለበት ቆጥሮ ማረጋገጥ አይቻልም።

ክሊኖግ ቫውር የሚባል መንደር ቤተክርስቲያን ከሄዳችሁ ደግሞ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋ ረጅም መቆንጠጫ ታያላችሁ። የአንጥረኛ ዕቃ አይደለም፣ በቅዳሴ መሀል የተጣላ ውሻ አንገቱን ይዞ ማስወጫ ነው። እረኛው ከነውሻው ነበር የሚመጣው።

የመጨረሻው የመኪና ነገር ነው። ወደ ፓትሪሾ የሚወስደው መንገድ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ እኔ ትራክተር ከፊት መጥቶብኝ ዳገቱን ወደኋላ እየነዳሁ ነው የወረድኩት፣ ባለቤቴ እስካሁን ታስቀኛለች። ትንሽ መኪና ያዙ፣ ባትሪም ያዙ፣ ዘንዶው ያለበት ጥግ ጨለማ ነው። ስትወጡ በሩን ዝጉት፣ በጎች ይገባሉ።