የተበላሸ ግራፊክስ ካርድን እንዴት መርምሮ በዋስትና መመለስ ይቻላል?

ስክሪኑ ላይ ቀለማቸው የተዘበራረቀ አራት ማዕዘኖች ሲረጩ፣ ወይም በጨዋታ መሃል ምስሉ ጠፍቶ ማራገቢያዎቹ ብቻ ሲያጓሩ፣ ብዙ ሰው ካርዱን ነቅሎ ወደ ሻጩ ይሮጣል። ጥፋቱ የሌላ ዕቃ ከሆነ ግን ካርዱ ሲመላለስ ከርሞ «ጉድለት አልተገኘበትም» ከሚል ወረቀት ጋር ይመለሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ምርመራው፣ ከዚያ ክሱ። እያንዳንዱን ሙከራ በስልክዎ ይቅረጹ፤ ቀኑንም ይጻፉ። ኋላ የሚያስፈልግዎት ማስረጃ ይኸው ነው።

ገመድና ኃይል

የሞኒተሩ ገመድ የተሰካው ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ መሆኑን ይመልከቱ። እየቀለለ የሚታለፈው ይህ ነው። ከዚያ ገመዱን ይቀይሩ፤ የካርዱን ሌላ መውጫም ይሞክሩ። ማራገቢያው አለመዞሩ ብቻውን አያስደንግጥዎት፤ ብዙ ዘመናዊ ካርዶች ሥራ ሳይበዛባቸው ማራገቢያቸውን ሆን ብለው ያቆማሉ።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ ከግድግዳው ሶኬት ነቅለው ሳጥኑን ይክፈቱ። ካርዱ ከማዘርቦርዱ የሚያገኘው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። የቀረው ከፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚያከፋፍለው ዕቃ) በተለየ ገመድ ይመጣል፤ ባለ 6 ፒኑ 75፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት እንዲያደርስ የተሠራ ነው። በአዳዲሶቹ ካርዶች ላይ ያለው ባለ 16 ፒን ማገናኛ ግን እስከ 600 ዋት ስለሚሸከም ቸልታ አይወድም። እ.ኤ.አ. በ2022 አርቲኤክስ 4090 የተባለው ካርድ አንዳንድ ማገናኛዎች ቀልጠው በተገኙ ጊዜ የቺፑ አምራች ኢንቪዲያ በዋናነት የጠቀሰው ምክንያት ማገናኛው እስከ መጨረሻው ተገፍቶ አለመግባቱን ነበር። የእጅ ባትሪ አብርተው ከጎን በኩል ይመልከቱ፤ በማገናኛውና በካርዱ መካከል ክፍተት መታየት የለበትም። ፕላስቲኩ ጠቁሮ ወይም ተጣሞ ካገኙት ኮምፒውተሩን ዳግመኛ አያብሩ። ፎቶ አንስተው በቀጥታ ወደ ዋስትናው ክፍል ይለፉ።

ገመዱ ደህና ከሆነ ብሎኑን ፈትተው፣ የማስገቢያውን መቆለፊያ ተጭነው ካርዱን ያውጡት፤ «ቀጭ» እስኪል ድረስም መልሰው ይሰኩት። ከባድ ካርድ በገዛ ክብደቱ ዘምሞ ከማስገቢያው በትንሹ ሊነቀል ይችላል።

ድራይቨሩ ነው ወይስ ካርዱ?

ኮምፒውተሩን ሲያበሩ መጀመሪያ የሚመጣውን የማዘርቦርድ አምራች አርማ ልብ ይበሉ። ዝብርቅርቁ እዚያው ከታየ ድራይቨሩ (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም) ገና ሥራ ስላልጀመረ እርሱን መውቀስ አይቻልም። ችግሩ የሚመጣው ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ ከሆነ ወደ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በመሠረታዊ ነገሮች ብቻ ወደሚነሳበት ሁኔታ) ገብተው፣ ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር በተባለው ነፃ ፕሮግራም የነበረውን ድራይቨር ጠራርገው ያጥፉ፤ ከዚያ አዲሱን እንደ ኢንቪዲያ ወይም ኤኤምዲ ካለው የቺፑ አምራች ድረ ገጽ አውርደው ይጫኑ። አንዳንዴ ነገር ያበላሸው አዲሱ ድራይቨር ራሱ ስለሚሆን ከእርሱ በፊት የነበረውንም ይሞክሩ። የካርዱን ፍጥነት ከፋብሪካው መጠን በላይ ከፍ አድርገው ከነበረም ወደ ቦታው ይመልሱት።

እኔ ከሁሉም የምወደው ሙከራ ደግሞ ምንም ዕቃ የማይጠይቀው ነው። ዝብርቅርቁ ስክሪኑ ላይ እንዳለ የስክሪኑን ምስል በኮምፒውተሩ (በስክሪንሾት) ያስቀምጡና ወደ ስልክዎ ልከው ይክፈቱት። ነጠብጣቡ ስልኩም ላይ ካለ፣ ምስሉ ከካርዱ ሳይወጣ በፊት ተበላሽቷል ማለት ነው። ስልኩ ላይ ጥርት ብሎ ከታየ ግን ጥርጣሬው ወደ መውጫው፣ ወደ ገመዱና ወደ ሞኒተሩ ይዞራል።

ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራምም ይክፈቱ። የካርዱን ሙቀትና ዝርዝር መግለጫ ያሳያል፤ የሚያዩትንም አምራቹ ካወጣው መግለጫ ጋር ያመሳክሩ። ይህ ነገር ማብዛት የሚመስለው ካለ የ2025ቱን ታሪክ ያስታውስ። በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ኢንቪዲያ ጥቂት የአርቲኤክስ 5090 ካርዶች 176 መሆን የነበረበት የአርኦፒ ክፍሎቻቸው (ምስሉን የመጨረሻ መልክ የሚያስይዙት የቺፑ ክፍሎች) ቁጥር 168 ሆኖ ወደ ገበያ መውጣታቸውን አምኖ፣ ገዢዎች አምራቹን ምትክ እንዲጠይቁ አሳውቋል። እነዚያ ካርዶች ምስል ያሳያሉ፣ ጨዋታም ያጫውታሉ፤ ጉድለታቸው የተነቃው በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ነው።

የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ነው። ፓወር ሰፕላዩ በቂ የሆነ የጓደኛ ኮምፒውተር ይዋሱና ካርዱን እዚያ ይሰኩት። ችግሩ ካርዱን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው ተገኘ። ካልሄደ የራስዎን ፓወር ሰፕላይ ይጠርጥሩ፤ በተለይ መብራት ሄድ መለስ በሚልበት ሰፈር።

ማንን ነው የሚጠይቁት?

ሳጥኑ ላይ ኢንቪዲያ ወይም ኤኤምዲ የሚል ቢጻፍም፣ ዋስትናውን የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ካርዱን የገጣጠመው ድርጅት ነው፤ እንደ አሱስ፣ ኤምኤስአይ ወይም ጊጋባይት ያለ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን ሕጉ አዲስ ዕቃ ላይ ቢያንስ የ2 ዓመት ኃላፊነት በሻጩ ላይ ይጥላል፤ «ወደ አምራቹ ሂዱ» ተብለው አይሸኙ። በአሜሪካ ደግሞ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2024 «ይህ ከተነሳ ዋስትናው ይቀራል» የሚል ተለጣፊ ለሚጠቀሙ የኮምፒውተር ዕቃ አምራቾች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልኳል።

ካርዱ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በዘመድ ሻንጣ የመጣ እንደሆነስ? ዋስትናው በተገዛበት አገር ወይም አካባቢ የተወሰነ ሊሆን ስለሚችል፣ ጥያቄውን ገዢው ራሱ በስሙ ባለው ደረሰኝ እንዲያቀርብ መጀመሪያውኑ ይነጋገሩ። አገር ውስጥ ሲገዙ ደግሞ የካርዱ መለያ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጻፍልዎት። «እኔ የሸጥኩት ይህን ካርድ አይደለም» የሚለውን ክርክር የሚዘጋ ሌላ ነገር የለም።

ጥያቄውና ጉዞው

ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ምሬት አያስፈልገውም። እንዲህ ያለ ይበቃል፦

«ካርዱ ሥራ ሲበዛበት ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም አራት ማዕዘኖች ይታያሉ። ገመዱን፣ ሞኒተሩንና ድራይቨሩን ቀይሬ አልተለወጠም። በሌላ ኮምፒውተርም ያው ችግር ታይቷል። ቪዲዮ፣ ደረሰኝና የመለያ ቁጥሩን ፎቶ አያይዣለሁ።»

ዋስትና ሰጪው የመመለሻ ቁጥር ሳይሰጥዎት ምንም አይላኩ፤ ሲሰጥዎትም ሳጥኑ ላይ በጉልህ ይጻፉት። ካርዱን ከስታቲክ ኤሌክትሪክ በሚከላከለው ከረጢት ውስጥ ያድርጉት፤ ሳጥኑ ውስጥ እንዳይንገዋለልም ዙሪያውን ይጠቅጥቁ። ከማሸግዎ በፊት ሁሉንም ጎኑን፣ በተለይ ወርቃማውን መሰኪያ ፎቶ ያንሱ፤ በመንገድ ላይ የደረሰ ስብራት በእርስዎ እንዳይሳበብ። ካልተጠየቁ በቀር ገመድና መለዋወጫ አብረው አይላኩ፤ ጠፍቶ ይቀራል። ካርድን ምድጃ ውስጥ ጋግሮ ማዳን ይቻላል የሚለውን ወሬም አይሞክሩት። ቢነሳ እንኳ ለጊዜው ነው፤ ዋስትናውም እዚያው ይጋገራል።

ምትኩ አዲስ ሳይሆን የታደሰ ካርድ ሊሆን ይችላል፤ ዋስትናው እስከ መቼ እንደሚቆይ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሲደርስዎት ሳጥኑን ሲከፍቱ ይቅረጹ፤ መለያ ቁጥሩን ከተላከልዎት መልእክት ጋር ያመሳክሩና የመጀመሪያውን ካርድ የጣሉትን ሙከራዎች በዚያው ቀን ይድገሙበት።