የቆየ ፍርድ በአዲስ ክርክር ላይ፦ መቼ በር ይዘጋል፣ መቼ ማስረጃ ይሆናል

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ባለጉዳይ ከፌስታል የቆየ ወረቀት አውጥቶ «ይኸው፣ ተፈርዶልኛል» ሲል መስማት የተለመደ ነው። ያ ወረቀት አዲሱን ክስ ከነጭራሹ ሊያስዘጋ ይችላል፤ ወይም ክሱ ሳይዘጋ ለአንድ ፍሬ ነገር ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ለሁለቱም አይሆንም። የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ማያያዝ ዋጋ ያስከፍላል።

ክስ የሚያስዘጋው ፍርድ በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 5 ሥር የሚወድቀው ነው። ተከራካሪዎቹ ወይም መብቱን ያስተላለፉላቸው ሰዎች አንድ መሆን አለባቸው፤ የተከራከሩበት ችሎታም (በራስ ስም ወይስ ለሌላ ሰው መከራከራቸው) እንዲሁ። የተያዘው ጭብጥ፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ እንዲወስንበት የተያዘው የክርክር ነጥብ፣ ያው መሆን አለበት፤ ነገሩም ተሰምቶ በመጨረሻ የተወሰነ መሆን አለበት። ሸዋ በር አካባቢ ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ወሰን ተካሰው በ2009 ፍርድ አገኙ እንበል። የተሸነፈው ሞቶ ልጁ ቤቱን ቢወርስና በዚያው ወሰን እንደገና ቢከስ፣ መብቱ ከአባቱ የመጣ ስለሆነ የአባቱ ፍርድ ያስረዋል። በጓሮ በኩል የሚዋሰነው ሦስተኛ ጎረቤት ቢከስ ግን በክርክሩ ስላልነበረ አያስረውም። በሞግዚትነት ለሌላ ሰው ተከራክሮ የተሸነፈም፣ በራሱ መብት ሲመጣ ችሎታው ሌላ ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው በንዑስ ቁጥር 2 እና 3 ላይ ነው። በመጀመሪያው ክርክር ሊነሳ ይችል የነበረና መነሳትም የነበረበት ነገር፣ ባይነሳም እንደተነሳ ይቆጠራል። ተጠይቆ በፍርዱ ውስጥ በግልጽ ያልተፈቀደ ዳኝነት (ከሳሹ ይወሰንልኝ ያለው ነገር) ደግሞ እንደተነፈገ ይቆጠራል። ቤቱ ይለቀቅልኝ፣ የሁለት ዓመት ኪራይም ይከፈለኝ ብሎ የከሰሰ ሰው ፍርዱ ስለ ኪራዩ ዝም ካለ፣ «ገና አልተወሰነም» ብሎ አዲስ ክስ ቢያቀርብ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። መንገዱ ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ነበር።

በሌላ በኩል፣ መዝገብ ተዘጋ ማለት ሁልጊዜ ተፈረደ ማለት አይደለም። ሥልጣን የለኝም ተብሎ የተመለሰ ክስና ለጊዜው የተሰጠ እግድ ዋናውን ነገር አልወሰኑም። የወራሽነት ማስረጃም እንደዚሁ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 996 መሠረት የሚሰጠው በአብዛኛው ተቃራኒ ወገን ሳይኖር በማመልከቻ ብቻ ነው፤ እውነተኛ ወራሽ ነኝ የሚል ሰው በቁጥር 998 እንዲሰረዝ ሊጠይቅ ይችላል። «ወራሽነቴ በፍርድ ቤት ጸድቋል» የሚለው መቃወሚያ ብቻውን የማያዋጣው ለዚህ ነው።

በወሎ የጋብቻና የውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማለቁም የተለመደ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) ይህን የሚፈቅደው በተከራካሪዎቹ ስምምነት ስለሆነ፣ ውሳኔውን ብቻ ይዞ መምጣት አይበቃም። ሌላው ወገን መስማማቱን የሚያሳየው የመዝገቡ ክፍል አብሮ ካልተገለበጠ፣ የመጀመሪያው ክርክር እዚያው ላይ ይሆናል።

ክስ ባይዘጋም ማስረጃ የሚሆነው ፍርድ ሌላ ነው፤ ግልጹ ምሳሌ የወንጀል ፍርድ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ዶሮ መዝለያ ላይ አይሱዙ ሰው ገጨ፤ ሾፌሩ በወንጀል ተከሶ ነጻ ወጣ እንበል። የተጎጂው ቤተሰብ «በቃ፣ አለቀ» ይላል። አላለቀም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ዳኛ ጥፋት መኖሩን ሲመረምር በወንጀሉ ነጻ መባል አይገደድም። የመኪናው ባለቤት ደግሞ በቁጥር 2081 የሚጠየቀው ጥፋት ባይኖርበትም ነው። ሾፌሩ ጥፋተኛ ከተባለ ፍርዱ ድርጊቱን ለማስረዳት ከባድ ማስረጃ ይሆናል፤ የጉዳቱን መጠን ግን አያስረዳም። የሕክምና ደረሰኝ፣ የገቢ ማስረጃ፣ የቀብር ወጪ ለብቻ መቅረብ አለባቸው። የወንጀሉን ውጤት ልጠብቅ ብሎ መዘግየትም አደጋ አለው፦ በቁጥር 2143 የካሳ ክስ በመሠረቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (ጊዜው በማለፉ) ይታገዳል፤ ረዘም የሚለው ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሆኖ የወንጀሉ የይርጋ ዘመን ከዚያ ሲበልጥ ነው።

የሌላ ሰው ፍርድስ? ኮምቦልቻ ከአንድ ፋብሪካ አብረው ከተባረሩ ሠራተኞች አንዱ ረታ እንበል። ለባልደረባው ያ ፍርድ አስገዳጅ አይደለም፤ እሱ በክርክሩ አልነበረም። ከውስጡ የሚጠቅመው አሠሪው በችሎት አምኖ የሰጠው ቃል ነው፤ ለምሳሌ «ማስጠንቀቂያ አልሰጠንም» ማለቱ። ገጹን ጠቅሰው ያንን ያሳዩ። በዚያ መዝገብ የመሰከረ ሰው በሕይወት ካለ ግን የቀድሞ ቃሉን ከማንበብ እሱኑ በምስክርነት መቁጠር ይሻላል፤ የቆየው ቃል ምስክሩ ቢያወላውል ለመስቀለኛ ጥያቄ ይጠቅማል። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት (መሠረታዊ የሕግ ስህተትን የሚያርመው ችሎት) ውሳኔ ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የሕግ ትርጉሙ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል እንጂ ለእርስዎ ፍሬ ነገር ማስረጃ አይሆንም። ቦታው ማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ሳይሆን የሕግ ክርክሩ ውስጥ ነው።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ግልባጩን ፍርዱን ከሰጠው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያውጡ፤ ደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ታይቶ ከሆነ ከዚያም ጭምር። የወረዳውን ፍርድ ይዞ መጥቶ ከፍተኛው የሻረው ሆኖ መገኘት ጉዳይን ብቻ ሳይሆን የዳኛውን እምነትም ያሳጣል። የመጨረሻውን የውሳኔ ገጽ ብቻ ሳይሆን ክርክሩና ጭብጡ የተጻፈበትን ሁሉ ይውሰዱ፤ ጭብጥ ካልታየ አንድ መሆኑ አይመዘንም። ማኅተም የሌለው ወይም በስልክ የተነሳ ፎቶ ተቃውሞ ሲነሳበት አይቆምም። በ2014 ጦርነት ከቤት ሲወጣ ሰነዱ የጠፋበት ሰው ካለ፣ ግልባጩን ይግባኝ ሰሚው ዘንድ ወይም በአፈጻጸም መዝገቡ ውስጥ ይፈልግ። ግልባጭ ማውጣት ካልተቻለ ወይም ወጪው ከበዛ፣ ለምን እንደሚያስፈልግ በቃለ መሐላ አስደግፎ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 145 መዝገቡ ራሱ እንዲቀርብ መጠየቅ ይቻላል።

ተከሳሽ ከሆኑና ፍርዱ ክሱን ያስዘጋል ካሉ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አድርገው ከመከላከያ መልስዎ ጋር ያቅርቡ። አዘግይቶ ማንሳት መቃወሚያውን እንደተዉት ሊያስቆጥር ይችላል። በመቃወሚያው ተማምኖ ዋናውን መልስ አለመጻፍም ስህተት ነው፤ ውድቅ ከሆነ መከላከያ ሳይኖርዎት ይቀራሉ። ግማሽ ገጽ ላይ የሁለቱን መዝገቦች ቁጥር፣ ተከራካሪዎች፣ የተጠየቀውን ዳኝነትና ጭብጡን ጎን ለጎን አስፍረው ያያይዙ። ዳኛ ሃምሳ ገጽ ግልባጭ ውስጥ ገብቶ ያንን ይፈልግልኛል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ለማስረጃነት ብቻ ከሆነ ደግሞ በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ፍርድ ቤቱን፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ገጹንና የሚያስረዳውን ነገር በአንድ መስመር ይጻፉ።

ባልነበሩበት ክርክር መብትዎን የሚነካ ፍርድ ከተሰጠና በክርክሩ መግባት ይገባዎት ወይም ይችሉ ከነበረ፣ ለምሳሌ ባል ብቻውን ተከሶ የጋራ ቤት ከተወሰነበት፣ ሚስት በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 መቃወሚያዋን ማቅረብ ያለባት ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ነው። የአፈጻጸም መዝገብ መከፈቱን እንደሰሙ መሮጥ ያስፈልጋል።

ተከሳሽ ሆነው ያነሱት የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ በብይን፣ ማለትም በክርክሩ መሐል በሚሰጥ ውሳኔ፣ ውድቅ ቢሆን በዚያው ላይ ወዲያው ይግባኝ አይባልም፤ ከመጨረሻው ፍርድ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ምስክሮችዎን አሰናድተው ዋናውን ክርክር ይቀጥሉ፤ መቃወሚያው ውድቅ የተደረገበትን ብይን ግልባጭም ለይግባኙ ያስቀምጡ።