ቅንጣቶቼ ለምን መሬት ላይ ይከማቻሉ? የተርቡለንስ ሲሙሌሽን ችግርና መፍትሄ

ከጭስ ማውጫ የሚወጣ ጭስ በአየር መናወጥ (ተርቡለንስ) እንዴት እንደሚበተን፣ ጭሱን በብዙ ቅንጣቶች ወክሎ የሚያሳይ ኮድ ጻፋችሁ እንበል። ኮዱ ይሠራል፣ ኤረር የለም፣ ስዕሉም ያምራል። ግን ትንሽ ሲቆይ ቅንጣቶቹ ወርደው መሬት አጠገብ ይጠራቀማሉ። እኔ ችግሩ ቅንጣቱ መሬት ሲነካ የሚነጥርበት መስመር ላይ ነው ብዬ ስንት ቀን ስነካካው ከረምኩ። እዚያ አልነበረም።

ፀሐይ ባለበት ቀን መናወጡ መሬት አጠገብ ደከም፣ ከፍ ሲሉ ጠንከር ይላል። ቅንጣቱ ከጠንካራው ቦታ ቶሎ ይወጣል፣ ደካማው ውስጥ ከገባ ግን መውጫው ይጠፋዋል፤ ገበያ ውስጥ ሰው ጠባብ መተላለፊያ ላይ እንደሚታጨቀው ማለት ነው። እውነተኛው አየር ይህን የሚያካክስ ወደ ላይ የሚገፋ ነገር አለው፣ ኮዳችሁ ግን ካልጻፋችሁለት የለውም።

መፍትሄው ተመራማሪው ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1987 ካስቀመጠው መርህ ይወጣል፦ እኩል የተበተኑ ቅንጣቶች እኩል እንደተበተኑ መቆየት አለባቸው። የአየሩ የቁመት ፍጥነት ቫሪያንስ (ፍጥነቱ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ የሚለካ ቁጥር) ከከፍታ ጋር የሚጨምርበትን መጠን ግማሹን ውሰዱ። የቅንጣቱን ፍጥነት ስኩዌር ለቫሪያንሱ አካፍላችሁ 1 ደምሩበትና ሁለቱን አባዙ። ይህን በጊዜ እርምጃው (ከአንዱ የስሌት ዙር እስከ ቀጣዩ ባለው ጊዜ) አባዝታችሁ በየዙሩ ፍጥነቱ ላይ ጨምሩ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ቅንጣቶቹን ከመነሻው እኩል በትናችሁ ልቀቁ። ቆይታችሁ ስታዩ እኩል ካልሆኑ አሁንም ስህተት አለ፣ በስዕሉ ማማር አትሸወዱ።

የጊዜ እርምጃውን ባሳነሳችሁ ቁጥር ጭሱ መበተኑን ቀስ በቀስ ካቆመስ? መናወጡን ለመወከል በየዙሩ ፍጥነቱ ላይ የምትጨምሩትን ራንደም ቁጥር (የዘፈቀደ ቁጥር) በጊዜ እርምጃው አባዝታችሁታል። መባዛት ያለበት በስኩዌር ሩቱ ነው። ውጤቱ የሚዛባው መሬት አጠገብ ብቻ ከሆነ ደግሞ እርምጃው ረዝሟል፤ ቅንጣቱ ፍጥነቱን ይዞ የሚቆይበት ጊዜ እዚያ አጭር ስለሆነ፣ እርምጃውን ከዚያ ጊዜ አንድ አሥረኛ በታች አድርጉና ከከፍታ ጋር እንዲለዋወጥ ፍቀዱለት።

ጭሱ ገና ከምንጩ ሲወጣ ስፋቱ ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር ካደገ ቅንጣቶቹ ትውስታ የላቸውም፣ ቦታቸውን ብቻ እያንቀሳቀሳችሁ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1921 እንዳሳየው መጀመሪያ ላይ ስፋቱ ከጊዜው ጋር እኩል ያድጋል፣ ስኩዌር ሩቱ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ፍጥነትንም ከእርምጃ ወደ እርምጃ አሻግሩ።

ውጤቱ ሻካራ ከሆነ ቅንጣት ጨምሩ፤ ሻካራነቱን በግማሽ ለመቀነስ ግን 4 እጥፍ ያስፈልጋል። እኔ በኮምፒውተሩ ስምንት ኮር (ጎን ለጎን በሚያሰሉ የፕሮሰሰር ክፍሎች) ላይ አሠርቼውም ምንም አልለሰለሰም። ለካ ሁሉም ኮር ከአንድ ሲድ (የራንደም ቁጥሮቹ መነሻ ቁጥር) ተነስቶ ያንኑ ቅንጣት ስምንት ጊዜ እየደገመ ኖሯል።