የወረዳ ምክር ቤት አባላት በቋሚ ኮሚቴ ሥራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሪፖርትን አዳራሽ ውስጥ ማንበብ፦ ኮሚቴው የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት የሩብ ዓመት ሪፖርት በስብሰባው ዕለት ከታደለ ኮሚቴው ከማድመጥ ያለፈ ሚና አይኖረውም። ሰነዱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ እንዲደርስ በአፈ ጉባኤው በኩል በደብዳቤ ይጠየቅ። ሲደርስ መግቢያውን ዝለሉት (በየሩብ ዓመቱ አንድ ነው)። ያለፈውን ቃለ ጉባኤ አጠገቡ አስቀምጣችሁ የሰጣችሁት ግብረ መልስ የት እንደደረሰ ፈልጉ።

በመቶኛ መርካት፦ «አፈጻጸም 90 ከመቶ» ሲባል ከመቀበል በፊት ከስንት ስንት እንደሆነ ይጠየቅ። አሥር የውሃ ቦኖ ታቅዶ ዘጠኙ ከተሠራ፣ ዛሬ ውሃ የሚሰጡት ስንት ናቸው? ዕቅዱስ በመሐል ተከልሶ ዝቅ ብሎ ይሆን? የፊዚካል (የተሠራውን ሥራ) እና የፋይናንስ (የወጣውን ገንዘብ) አፈጻጸሙንም ጎን ለጎን እዩ። ገንዘቡ 80 ከመቶ ወጥቶ ሥራው 40 ላይ ከቆመ፣ ቅድሚያ ክፍያው ስንት እንደነበርና ቀሪው በምን የሥራ ልኬት እንደተከፈለ ሰነዱ ይቅረብ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በካፒታል በጀት (ለግንባታና ለቋሚ ዕቃ በሚውለው) ላይ ያለ ጥያቄ በጥር ሳይነሣ ቆይቶ በግንቦት ቢነሣ ለጨረታ ጊዜ አይተርፍም። በሰኔ የሚታየው የግዥ ጥድፊያ በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

መሥሪያ ቤቱ ያዘጋጀውን ጉብኝት መጎብኘት፦ በሚጎበኘው ጽሕፈት ቤት መኪና ሄዶ፣ ምሳውንም በልቶ ቁጥጥር ማድረግ ያስቸግራል። የፕሮጀክቶቹን ሙሉ ዝርዝር ተቀብላችሁ የምታዩትን ራሳችሁ ምረጡ፤ ከመንገድ የራቀ አንድ ቀበሌ አይቅር። ጤና ጣቢያ ከሆነ መድኃኒት ቤቱ ገብታችሁ የክምችት መመዝገቢያውን ከመደርደሪያው ጋር አመሳክሩ፤ ወረፋ የያዙትንም ጠይቁ።

«ትኩረት ይሰጠው» ብሎ መወሰን፦ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። «ክፍተቱ ይስተካከል»፣ «ተጠናክሮ ይቀጥል» የሚሉ ውሳኔዎች ማንንም አያስጠይቁም፤ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት «ትኩረት ሰጥተናል» ተብለው ይመለሳሉ፤ ሐሰት ነው ለማለትም መለኪያ የለም። ውሳኔ ፈጻሚ፣ ተግባር፣ ቀንና ማስረጃ ይኑረው፦ «የውሃ ጽሕፈት ቤቱ የተበላሸውን ፓምፕ እስከ ኅዳር 30 አስጠግኖ የርክክብ ሰነዱን ለኮሚቴው ያቅርብ።» ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት ይነበብ። ያልተስማማ አባል ካለ የልዩነት ሐሳቡ በስሙ ይመዝገብ።

ምልዓተ ጉባኤን (ለመወሰን መገኘት ያለባቸውን አባላት ቁጥር) ጠዋት ብቻ መቁጠር፦ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ወንበሩ ይሳሳል። ድምፅ ሊሰጥ ሲል እንደገና ይቆጠር፤ ድጋፍ፣ ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ በቁጥር ይጻፍ። «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን ቃል ጸሐፊው ከልማድ እንዳያሰፍረው ተጠንቀቁ።

ዝምድናን ዘግይቶ መናገር፦ ጨረታው ወይም ቦታው የራስን ወይም የዘመድን ጥቅም የሚነካ ከሆነ፣ አጀንዳው ከመከፈቱ በፊት ተናግሮ መውጣት ነው። ተወያይቶ በድምፅ አሰጣጡ ላይ ብቻ መታቀብ አይበቃም፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤው ይስፈር።