ማሽላችሁን ጎተራ ከመክተታችሁ በፊት

ቆቦ፣ ባቲና ከሚሴ አካባቢ ያላችሁ፣ የኒም ዛፍ ደጃችሁ ካለ ፍሬውን አትጣሉት። ነቀዝ የሚጠላው ነገር በብዛት ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የቅጠሉ ኃይል ደከም ያለ ነው።

የበሰለውን ፍሬ ልጣጩንና ሥጋውን አጥባችሁ አስወግዱ። ውስጡ ያለውን ዘር ጥላ ላይ አድርቁት፤ ፀሐይ ኃይሉን ይቀንሰዋል። የሻገተውን ለዩ። ከዚያ ወቅጣችሁ ለ1 ኩንታል ማሽላ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ዱቄት ደህና አድርጋችሁ አዋሕዱ። ነቀዙ ወዲያው አይረግፍም። መብላቱንና መራባቱን ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ ነቀዝ ከወረረው በኋላ ሳይሆን እህሉ ሲከተት ነው መጠቀም ያለባችሁ። ማሽላው ራሱ ሲነከስ ቀጭ እስኪል ይድረቅ፣ የአምናው ትርፍራፊም ከጎተራው ተጠርጎ ይውጣ። ዱቄቱ መራራ ስለሆነ እኔ ብሆን ለዘር በሚቀመጠው እጀምር ነበር። ለምግብ ከሆነ አበጥራችሁ እጠቡት።

ለማሾማ ይበልጥ ቀላል መላ አለ። ለ1 ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ፣ ፍሬው ሁሉ ወዛ እስኪል በእጃችሁ እሹት። ዘይቱ የነቀዙን እንቁላል ያፍነዋል።

ጋዝ የሚያወጣውን የነቀዝ ክኒን ግን እባካችሁ ሰው በሚተኛበት ቤት አታድርጉ። ጋዙ ሰው ይገድላል።