ስሙ አንድ፣ ካርዱ ሌላ፦ የግራፊክስ ካርድ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን «ካርዱ ተበላሸ» ተብሎ ከሚመጣልኝ ብዙው ጤነኛ ግራፊክስ ካርድ (የኮምፒውተሩን ምስል የሚሠራው ክፍል) ነው። የተበላሸው ግዢው ነው። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩና ጌም ቤት የከፈቱ ልጆች ስሙንና የጂቢውን ቁጥር (የሜሞሪውን መጠን) ብቻ አይተው ይገዛሉ፤ ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

«የሱ ይሮጣል፣ የኔ ይንቀራፈፋል»

አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ጂቲ 1030 ይዞ መጣ። «የአጎቴ ልጅም 1030፣ እሱም 2 ጂቢ፤ የኔ ለምን ስታክ ያደርጋል? ጋሼ፣ ፎርማት አድርግልኝ» አለኝ። አብሽር ብዬ ከፈትኩት። ያጎቱ ልጅ ካርድ ጂዲዲአር5 ሜሞሪ ያለው ሲሆን፣ የሱ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 በዚያው ስም የወጣው ባለ ዲዲአር4 ነበር። የመጀመሪያው በሴኮንድ 48 ጊጋባይት ያመላልሳል፣ ሁለተኛው 17 ገደማ። ጎተራው እኩል ነው፤ አፉ ከጠበበ ግን እህሉ ቶሎ አይወጣም። ይህን ፎርማትም ድራይቨርም (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) አያስተካክለውም። መፍትሄው መመለስ ነው፤ ሻጩ እምቢ ካለ ደግሞ ዲዲአር4 መሆኑን ሳይደብቁ ሸጦ ጨምሮ መግዛት።

በዚህ ዓይነት ስም እኔም ተሸውጃለሁ። አርኤክስ 580 ብዬ የገዛሁት ቤት ገብቼ ስመረምረው 2048 ኮር (ስሌቱን የሚሠሩት ትንንሽ ክፍሎች) ብቻ ነበረው። የሙሉው 580 ኮር 2304 ነው፤ 2048 የታናሹ የአርኤክስ 570 ቁጥር ነው። ጂቲኤክስ 1060ም እንዲሁ፤ ባለ 3 ጂቢው የቀነሰው ሜሞሪ ብቻ ይመስላል እንጂ ኮሩም ከ1280 ወደ 1152 ወርዷል። ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ሻጩ ካርዱን ማሽን ላይ ሰክቶ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ይክፈትላችሁ። የሜሞሪውን ዓይነት፣ የባሱን (ሜሞሪው መረጃ የሚያመላልስበትን መንገድ) ስፋትና የኮሩን ቁጥር አንብቡ። «ጊዜ የለኝም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እኔ ብሆን ወደ ቀጣዩ ሱቅ እሄዳለሁ።

«ጌም ስከፍት ድርግም ይላል»

እዚህ ሰው ሁሉ መብራት ኃይልን ይረግማል። አንዳንዴ እውነት አለው። ግን አምፖሉ ሳይርገበገብ፣ ሞኒተሩም ሳይጠፋ ኬዙ ብቻ ሥራ ሲከብደው የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን (ለኬዙ ኃይል የሚያድለውን ሳጥን) ጠርጥሩ። አገልግለው ከውጭ የሚገቡት ቀጫጭን የቢሮ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ከ180 እስከ 240 ዋት የሚሰጡ ናቸው፤ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም የላቸውም። የማዘርቦርዱ ስሎት የሚሰጠው 75 ዋት ነው። ባለ 6 ፒን ገመድ ሌላ 75፣ ባለ 8 ፒን 150 ይጨምራል። ገመዱ የሌለው ሰው ለሀርድ ዲስኩ ኃይል ከሚሰጠው የሳታ ገመድ በአዳፕተር ይጠልፋል። እባካችሁ ተዉት፤ የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልቱ መስመር የሚችለው 54 ዋት ብቻ ነው፣ ቀልጦ አይቻለሁ።

እንዲህ ላለ ኬዝ «አነስተኛው» ካርድ ትክክለኛው ይሆናል። ለምሳሌ አርቲኤክስ 3050ን እንይ፦ ባለ 8 ጂቢው 130 ዋት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ባለ 6 ጂቢ ኮሩም ባሱም ቀንሷል፤ የሚበላው ግን 70 ዋት ስለሆነ አብዛኛው ያለ ተጨማሪ ገመድ ይነሳል። አምራቾቹ ስሙን በማምታታታቸው ብናደድም ለቢሮ ኬዝ እሱን ነው የምመክረው። ጂቲኤክስ 1650ም ይሆናል፤ አንዳንዱ ባለ 6 ፒን ስለሆነ ግን ጠርዙን ገልብጣችሁ እዩ። ኬዙ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ቁመቱ አጭር የሆነው ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ፤ ያለዚያ ክዳኑ አይዘጋም።

«ጌሙ ደህና ነው፣ ያቀናበርኩትን ቪዲዮ ሲያወጣ ግን ያመሻል»

ካርዱ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው፤ ቪዲዮውን ጨምቆ ፋይል የሚያደርገው ክፍል (ኢንኮደር) ጭራሽ የለውም፣ ሥራው በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። በዚያ ላይ ከማዘርቦርዱ ጋር በ4 የመረጃ መስመር ብቻ ስለሚገናኝ፣ ፒሲአይ 3 (የቀድሞው ትውልድ ስሎት) ባለው የቆየ ማዘርቦርድ ላይ የጌሙም ፍጥነት ይቀንሳል። ሰርግ ለሚያቀናብር ሰው 1650 ይሻለዋል።

«ድራይቨር አልቀበል አለ፣ ዋጋው ግን ግሩም ነበር»

ግሩምነቱ ነው የሚያሳስበኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን ጂቲኤስ 450 ባዮሱን (ካርዱ ማንነቱን የሚናገርበትን የውስጥ ፕሮግራም) ቀይረው «1050 ቲአይ» ብለው ይሸጡታል። ጂፒዩ-ዚ ስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ ይጽፍበታል። በዓይንም ይጠረጠራል፦ የካርዱ አምራች ኤንቪዲያ ከ10ኛው ተከታታይ (1030፣ 1050፣ 1060 የሚሉት) ጀምሮ የአናሎግ መውጫን ስለተወ፣ «1050 ቲአይ» ተብሎ ሰማያዊው የቪጂኤ መሰኪያ ካለው እጃችሁን ሰብስቡ። ይህ ጥገና የለውም።

«ካርዱን ሰካሁ፣ ምንም አልተለወጠም»

የሞኒተሩ ገመድ አሁንም ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ነቅላችሁ ካርዱ ላይ ሰኩት። ለዚህ ገንዘብ አልቀበልም፤ ቡና ከጋበዛችሁኝ ግን እስከ በረካው እቀመጣለሁ።