የከተማ ውሃ ታንከር የት ይቁም? ቦታ ሲመረጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ውሃ የሚያጠራቅመው ታንከር ተገትሮ ይታያል፣ ቧንቧው ግን ጭር ብሏል። እንዲህ ያለ ሰፈር በየከተማው አይጠፋም። ሰው ፓምፑን ያማል፣ መብራቱን ያማል፣ ውሃና ፍሳሽን ያማል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የተበላሸው ገና ቦታው ሲመረጥ ነው።

ባዶ ቦታ ስለተገኘ ብቻ እዚያ መትከል

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። መሬት ውድ ነው፤ የካሳ ጉዳይ ራስ ያዞራል። ስለዚህ የቀበሌው ግቢ ጥግ ወይም ማንም ያልፈለገው ሜዳ ላይ ጣት ይቀሰራል። ፍለጋው መጀመር ያለበት ግን ከሰፈሩ ከፍተኛ ቤት ነው። እዚያ ቤት ውሃ እንዲደርስ ታንከሩ ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት መጀመሪያ ይሰላል፤ መሬት የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 10 ሜትር የከፍታ ልዩነት 1 ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል። የታንከሩ ወለል 2,000 ሜትር ላይ ነው እንበል፤ ከፍተኛው ቤት ደግሞ 1,985 ላይ። በወረቀት 15 ሜትር አለን። ጠዋት ሁሉም ቧንቧውን ሲከፍት ግን ውሃው በመስመሩ ውስጥ እየተፋተገ ስለሚመጣ 10 ሜትሩን መንገድ ላይ ሊጨርሰው ይችላል። 5 ሜትር ቀረ። የግቢ ቧንቧ በዚህ ይቀዳል፤ ጂ ፕላስ 2 ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ ግን አይሞላም። ባለቤቱ ምን ያደርጋል? ፓምፕ ገዝቶ በቀጥታ ከመስመሩ ይስባል። ጎረቤቱ ይደርቃል፣ ጭቅጭቁም ይጀመራል።

«ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል» ማለት

አይሻልም። የዚያው ከተማ ታችኛው ሰፈር 1,900 ላይ ቢሆን ግፊቱ 10 ባር ይደርሳል። ሌሊት ሰው ሲተኛና ውሃ የሚቀዳ ሲጠፋ ሙሉ ግፊቱ መስመሩ ላይ ያርፋል፤ ያረጀ ቧንቧ የሚፈነዳው ያኔ ነው። በተለምዶ የከፍታ ልዩነቱ ከ60 ወይም 70 ሜትር ባያልፍ ይመረጣል። መብራቱም አለ። 1 ሜትር ኪዩብ ውሃ 100 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ይሄ በየቀኑ የሚከፈል ነው። የአቃቂ ጉድጓዶች ያሉት በአዲስ አበባ ዝቅተኛው ጫፍ ነው፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ተዳፋት የሆነ ከተማ በከፍታ ተከፋፍሎ ለየክፍሉ የራሱ ታንከር ያስፈልገዋል።

ኮረብታ እያለ ማማ ማቆም

በቂ ከፍታ ያለው ኮረብታ ቅርብ ካለ መሬት ላይ የሚያርፍ የኮንክሪት ታንከር ይረክሳል፤ ለማጠብም ለመጠገንም ይቀላል። ማማ ለሜዳማ ከተማ ነው። ብቻ አንድ ነገር አትርሱ፤ በኛ አገር የኮረብታ ጫፍ ብዙ ጊዜ ባለቤት አለው። ቤተ ክርስቲያን ይኖራል፣ መቃብር ይኖራል፣ ደን ይኖራል። ቀያሹ መሣሪያውን ከመትከሉ በፊት ከሰበካ ጉባኤውና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር መነጋገር ይቅደም። ምልክት ከተተከለ በኋላ የሚመጣ ውይይት ውይይት አይባልም።

አፈሩን በዓይን መገመት

500 ሜትር ኪዩብ ውሃ 500 ቶን ነው፤ ኮንክሪቱ ሳይቆጠር። ኮትቻ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በበጋ አንድ ሜትር ቆፍሮ «ድንጋይ የሆነ መሬት ነው» የሚል ሰው አይታመን። ምርመራው ከመሠረቱ ጥልቀት በታች መውረድ አለበት። ተዳፋት ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ አንዱን ጎን ቆርጦ፣ በወጣው አፈር ሌላውን ጎን ሞልቶ መደልደል። ግማሹ አለት ላይ፣ ግማሹ ሙሌት ላይ ያረፈ ታንከር በሙሌቱ በኩል ይሰምጣል፤ ስንጥቁ መሃሉ ላይ ይወጣል።

በስምጥ ሸለቆ ላሉ ከተሞች፣ ለአዳማም ለሐዋሳም፣ የመሬት መንቀጥቀጥ አብሮ ይታሰብ። ማማ ክብደቱን አናቱ ላይ ስለተሸከመ ሲወዛወዝ መሠረቱን ክፉኛ ያስጨንቀዋል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የደረሰው ንቅናቄ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

ከፍታን በስልክ መለካት

የስልክ ጂፒኤስ ከፍታ ላይ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሳሳት ይችላል። ከላይ የነበረን 15 ሜትር ብቻ ነበር! ቀያሽ ቶታል ስቴሽን ወይም ሌቭል በሚባል የቅየሳ መሣሪያ ይለካ፤ ጉድጓዱም፣ ታንከሩም፣ ከፍተኛው ቤትም ከአንድ መነሻ ነጥብ ይለኩ።

የቦታውን ዙሪያ አለማየት

በክረምት ሲኖትራክ ይገባል? የከፍተኛ ኃይል መስመር ያልፍበታል? ኤርፖርት ቅርብ ከሆነ ማማው ከመነደፉ በፊት ሲቪል አቪዬሽን ይጠየቅ። ከተማው ሲሰፋ ለሁለተኛ ታንከር የሚሆን ቦታም ከአሁኑ ይታጠር። ሞልቶ የሚፈሰው ውሃ የት እንደሚሄድ ደግሞ ይታወቅ፤ ኦፕሬተሩ ፓምፑን ሳያጠፋ ያደረ ቀን ውሃው ከታች ያለው ሰው ግቢ እንዳይገባ ቦዩ ከታንከሩ ጋር አብሮ ይቀየስ።